በውርስ ወይስ በምርጫ? ምናባዊ የከዋክብት ግዛቶች ስለ ሥልጣን የሚያስተምሩን



ስለ መንግሥት ሥርዓት ስንወያይ ዘወትር የምናስቀድመው ጥያቄ «ገዢውን ማን ይሹመው?» የሚል ነው። ዛሬ ሁለት ምናባዊ የከዋክብት ግዛቶችን ይዤ የቀረብሁት፣ ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ እንዳለ ለማሳየት ነው።

የመጀመሪያው በአይዛክ አሲሞቭ «ፋውንዴሽን» መጻሕፍት ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 መታየት በጀመረው ተከታታይ ፊልም ውስጥ የሚገኘው ግዛት ነው። የፊልሙ ደራስያን በመጻሕፍቱ የሌለ አንድ ነገር ጨምረዋል፤ የቀዳማዊ ክሊዮንን ዙፋን የሚወርሱት ከእርሱ አካል የተባዙ ቅጂዎቹ ናቸው። ወጣቱ፣ ጎልማሳውና አረጋዊው በአንድ ዘመን ይኖራሉ። የውርስ አገዛዝ ዋነኛ መከራከሪያ የሥልጣን ሽግግር ያለ ደም እንዲፈጸም ማድረጉ ነው። እዚህ መከራከሪያው እስከ ጫፉ ተወስዷል፤ ወራሹ ማን እንደሆነ የሚያጣላ ነገር የለም። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ የመሥራቹ ስሕተት ከመሥራቹ ጋር አይቀበርም።

«እንግዲያስ መፍትሔው ምርጫ ነው» የሚል ቢኖር «ስታር ዋርስ»ን ይመልከት። ፓልፓቲን ሥልጣን የያዘው በሴኔቱ ድምፅ ነው። ጦርነት ሲያሠጋ ያው ሴኔት የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ክፍል ራሱን ንጉሠ ነገሥት አድርጎ ሲያውጅ አዳራሹ በጭብጨባ ተቀበለው። በዚያው ዓለም የናቡ ንግሥት አሚዳላም የተመረጠች ናት፤ እርሷ ግን ሁለት የሥልጣን ዘመኗን ፈጽማ ዘውዱን ለተተኪዋ ለቀቀች። ሁለቱም በምርጫ መጡ፤ የተለያዩት በአወጣጣቸው ነው።

ይህ በልብ ወለድ ብቻ የሚታይ አይደለም። የፖላንድና የሊትዌኒያ መኳንንት እ.ኤ.አ. ከ1573 ጀምሮ ንጉሣቸውን በድምፅ ይመርጡ ነበር። ምርጫው ግን የውጭ መንግሥታት ገንዘብና ጦር የሚገባበት ቀዳዳ ሆነ። በ1791 የለውጥ አራማጆቹ ሕገ መንግሥት ሲያጸድቁ ዙፋኑ በሳክሶኒ ቤተ መንግሥት ዘር እንዲወረስ ወሰኑ፤ ንጉሡንም በሕግና በተጠያቂ ሚኒስትሮች ገደቡት። በቂ ጊዜ ግን አላገኙም፤ በ1795 አገሪቱ በሦስት ጎረቤቶቿ ተከፋፍላ ከካርታ ጠፋች።

ስለዚህ ቀዳሚው ጥያቄ «ገዢው በሥልጣኑ ሳለ ምን ያግደዋል? በምንስ ይወርዳል?» የሚለው ነው። መልሱን በሕግ መጻፍ አስፈላጊ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ሴኔቱም ሕግ ነበረው፤ የጎደለው ሁሉም ሲያጨበጭብ እጁን የሚሰበስብ ብዙ ሰው ነው። ከእናንተ መካከል ነገ በምክር ቤት፣ በፍርድ ቤት ወይም በመምህራን ጉባኤ የምትቀመጡ አላችሁ። ያ አዳራሽ ከእናንተ የራቀ እንዳይመስላችሁ።