ስለ ሆድ ድርቀት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ስለ አገር ዕድገትና ስለ ትምህርት ጥቅም የሚናገሩ ሌሎች ስላሉ፣ ለእኛ ክፍል የደረሰን ስለ ጤና መናገር ነው። ከጤናም ጉዳይ ማንም በአደባባይ ሊያነሣው የማይወደውን የሆድ ድርቀትን መረጥን። አርእስቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ ብዙዎች ሳቁ። ይህን አርእስት ያስመረጠን ግን የሚያስቅ ነገር አይደለም።

ባለፈው ዓመት በአዳሪ ቤታችን አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ምግብ እየተወ፣ ሆዱን ይዞ እየተቀመጠ ሰነበተ። አንዱ እናቱን ናፍቆ ነው አለ፤ ሌላው ቡዳ በልቶት ነው አለ፤ ከጥናት ለማምለጥ ነው ያልንም ነበርን። በመጨረሻ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ሐኪሙ ሆዱን ዳብሶ፣ «ሽንት ቤት ከተቀመጥህ ስንት ቀን ሆነህ?» ሲል ጠየቀው። ልጁ አቀርቅሮ ቆየና ዘጠኝ ቀን ነው አለ። የመጸዳጃ ቤታችን በር መቀርቀሪያ ስላልነበረው ትልልቆቹ ልጆች በሩን ድንገት እየበረገዱ ይሥቁበት ነበርና መሄዱን ትቶ ኖሯል። ከእነዚያ ትልልቅ ልጆች መካከል እኛም ነበርንበት።

ዘጠኝ ቀን በሆድ ውስጥ ምን ይሠራል? የበላነው ምግብ በቀጭኑ አንጀት ከተፈጨ በኋላ የተረፈው እንደ ቀጭን ሾርባ ሆኖ ወደ ትልቁ አንጀት ይገባል። ይህ አንጀት ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ ዋና ሥራው ውሃውን መጥጦ ወደ ሰውነት መመለስ ነው። በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ፈሳሽ ይቀበላል፤ ከዓይነ ምድር ጋር የሚወጣው ውሃ ግን አንድ ብርጭቆ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ዓይነ ምድሩ በዘገየ ቁጥር አንጀቱ መምጠጡን አያቆምምና እየደረቀ ይሄዳል። የደረቀው ሲወጣ ያማል፤ ያመመው ልጅ ደግሞ በሚቀጥለው ቀን ይይዘዋል። እንዲህ እየሆነ ሲሰነብት የአንጀቱ ጫፍ እየተለጠጠ ጥሪውን ማሰማት ይተዋል። አንዳንዴም በጠጣሩ ዳርና ዳር ቀጭን ፈሳሽ እያመለጠ ልብስ ያበላሻል። ወላጆች ይህን ተቅማጥ ነው ብለው የሚያደርቅ መድኃኒት ቢሰጡ ነገሩን ያብሱታል።

በየቀኑ ያልተቀመጠ ሁሉ ግን በሽተኛ አይደለም። በቀን እስከ ሦስት ጊዜ፣ ወይም በሳምንት ሦስት ጊዜ ብቻ የሚወጣም ሰው ሳይጨነቅና ሳያመው ከሆነ ጤነኛ ነው።

የሰውነት ጥሪ ሰዓት አለው። ጠዋት ከእንቅልፍ ስንነሣ፣ ይልቁንም ቁርስ ሆድ ውስጥ ሲገባ ትልቁ አንጀት ይነቃና መግፋት ይጀምራል። የእኛ ደወል የሚደወለው ልክ በዚያች ሰዓት ነበር። በ12 ሰዓት መነሣት፣ ከዚያ ጸሎት፣ ከዚያ ቁርስ፣ ዳቦውን ሳንጨርስ ሰልፍ! ጥሪው ሲመጣ እኛ በሰንደቅ ዓላማው ፊት ቀጥ ብለን ቆመን ነበር። ይህን ለአዳሪ ቤቱ ኃላፊ ብናስረዳ ቁርሱን በሃያ ደቂቃ አስቀደሙልን።

ምግብንም በሚመለከት፣ በሆድ ውስጥ የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል፣ አሠር የሚባለው፣ ውሃ ይዞ ዓይነ ምድሩን ያለሰልሳል። ዴኒስ ቡርኪት የተባለ በዩጋንዳ ብዙ ዘመን የሠራ የቀዶ ጥገና ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 ባወጣው ጽሑፍ፣ በእንግሊዝ አገር አዳሪ ተማሪዎች ሆድ ውስጥ ምግብ ሦስት ቀን ያህል ሲቆይ በደቡብ አፍሪካ ገጠር ተማሪዎች ዘንድ ግን አንድ ቀን ተኩል ያህል ብቻ እንደሚቆይ አመልክቷል። ይህን ስናነብ የራሳችን ነጭ ዳቦና ሻይ ትዝ አለን። ቤታችን ሳለን የጤፍ እንጀራ በሽሮ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ የገብስ ቆሎ እንበላ የለም? የእናቶቻችን የተልባ ብጥብጥም ለዚህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ውሃው በዛ ይበል፣ ደረቁን የሚቅም ሰው ይብስበታልና። ጫት የሚያዘወትርም ሆዱ ይደርቃል። ነፍሰ ጡር እናቶች የሚሰጣቸው የብረት እንክብልም ያደርቃል፤ ለሐኪም መንገር ነው እንጂ መተው አይገባም።

ስለ አቀማመጥ አንድ ነገር ጣልቃ እናግባ። በወንበር መልክ የተሠራውን መጸዳጃ የሥልጣኔ ምልክት አድርገን እንቆጥራለን። ሰው ቁጢጥ ሲል ግን የአንጀቱ መውጫ ይቃናል፤ በወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እንደ ተጣመመ ይቀራል። ወንበር ያለው ቤት ከእግር በታች ዝቅተኛ በርጩማ ቢያስቀምጥ ይበቃዋል።

የሚያስቀምጥ መድኃኒትን በሚመለከት ወላጆችን እንለምናለን። ኮሶ የሚጠጣው የኮሶ ትልን ለማስወጣት ነበር፤ ለሆድ ድርቀት አይደለም። የጉሎ ዘይትም ለልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። ሆዱ ተነፍቶ የሚያስታውክ፣ ፈስ እንኳ አልወጣ ያለው፣ ደም የታየበት፣ ወይም ያለ ምክንያት የሚከሳ ሰው ደግሞ ቤት ውስጥ ምንም ሳይሞከርለት ወደ ሐኪም ይሂድ።

ጓደኛችን የሚያለሰልስ መድኃኒት ለወራት ወስዶ፣ ከቁርስ በኋላ ሳይቸኩል መቀመጥን ለምዶ ድኗል። ይህን ጽሑፍ አስቀድመን አነበብንለት። ስሜን አታንሡ፣ የዘጠኙን ቀን ነገር ግን አትተዉት አለን። ይቅርታም ጠይቀነዋል፤ መልሱን ለራሳችን እናስቀር።

ከዚያ ወዲህ ከኪሳችን አዋጥተን ከስምንቱ በሮች ለአምስቱ መቀርቀሪያ አስገጥመናል። በታናናሾቹ ወገን ያሉት ሦስቱ ይቀራሉ፤ አናጢው ለዓርብ ቀጥሮናል።