ስለ ጽሞና ጥቅም የተነገረ ቃል



የደብራችን 50ኛ ዓመት በሚከበርበት በዚህ በዓል ስለ ጽሞና ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ታዘዝሁ፥ ነገሬን ኢዮቤልዩ ከሚለው ስም እጀምራለሁ። በኦሪት ሕግ የኢዮቤልዩ ዓመት ባሪያው ነጻ የሚወጣበት፥ የተሸጠውም ርስት ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት ብቻ አልነበረም፤ ምድሪቱም ሳይዘራባት የምታርፍበት ዓመት ነበረ። እንግዲህ አፈር እንኳ ዕረፍት ካስፈለገው፥ የሰው ልቡና ዕለት ዕለት እየታረሰ ሳያርፍ እንዴት ይዘልቃል?

ጽሞና ማለት ሰውን ጠልቶ መሸሽ አይደለም፤ ከሁካታ ለጥቂት ጊዜ ተለይቶ ልቡናን በእግዚአብሔር ፊት ማሳረፍ ነው እንጂ። አባቶቻችን በጾመ ፍልሰታ፥ ከነሐሴ 1 ቀን እስከ 15 ቀን፥ ሱባኤ መግባትን ያስለመዱን ስለዚህ ነው። እኛ ግን የቀረውን ዓመት ያለ አንዲት ጸጥ ያለች ሰዓት እናሳልፈዋለን።

እኔም ከነዚህ አንዱ ነበርሁ። ይህን በዓል ለማዘጋጀት ከተመረጡት ጋራ ተቈጥሬ ስደክም፥ ቀኑን በስብሰባ፥ ሌሊቱን በስልክ አሳልፍ ነበር። እንቅልፍም ራቀኝ። አንድ ማታ ትንሹ ልጄ የጻፈውን ሊያሳየኝ ደብተሩን ይዞ ቢመጣ፥ በቍጣ ጮኽሁበት፤ እርሱም ደብተሩን አጥፎ ዝም ብሎ ሄደ። ለቤተ ክርስቲያን እደክማለሁ ስል ለቤቴ የማልረባ መሆኔን ያን ጊዜ አወቅሁ። ለነፍስ አባቴ ብነግራቸው ስግደት አላበዙብኝም፤ ጧት ጧት ከኪዳን በኋላ፥ ስልኬን በቤት ትቼ፥ በቅጥሩ ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ጥቂት እንድቀመጥ አዘዙኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ጸጥታው ራሱ አስጨነቀኝ፤ ያልተፈጸመው ሥራ ሁሉ ባንድነት ይጮኽብኝ ነበር። በኋላ ግን የደፈረሰ ውኃ ሲቀመጥ እንደሚጠራ፥ አሳቤም ጠራ። ልጄንም ይቅርታ ለመንሁት።

ነቢዩ ኤልያስን አስቡ። ኤልዛቤል ልትገድለው በዛተች ጊዜ ወደ ምድረ በዳ ሸሽቶ፥ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። መልአኩ ግን አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶም ተኛ፤ ዳግመኛም ቀስቅሶ አበላው። ከዚያ በኋላ 40 ቀን ተጉዞ ወደ ኮሬብ ደረሰ፤ ነፋሱና እሳቱም ካለፈ በኋላ የእግዚአብሔርን ድምፅ በጸጥታ ሰማ። የሰማውም ትእዛዝ በዋሻው እንዲቀር ሳይሆን፥ ተመልሶ ኤልሳዕን እንዲቀባ ነበረ።

ቅዱስ እንጦንስም በግብፅ በረሃ 20 ዓመት ያህል በአሮጌ ምሽግ ተዘግቶ ከኖረ በኋላ፥ አካሉ ሳይጐሳቈል፥ ልቡናውም ሳይታወክ እንደ ወጣ፥ ያዘኑትን እንዳጽናና፥ የተጣሉትንም እንዳስታረቀ፥ የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ ጽፎልናል። መልካም ጽሞና የሚታወቀው እንዲህ ወደ ሰው በፍቅር ሲመልስ ነው።

ነገር ግን ሁለት ነገር ላሳስባችሁ። መጀመሪያ፥ እንቅልፍና ምግብ የተለየውን፥ ሞቱንም የሚመኘውን ሰው ሱባኤ ይዟል ብለን ለብቻው አንተወው። ለኤልያስ አስቀድሞ የተላከለት አጽናኝና እንጀራ እንደ ሆነ፥ እኛም አጠገቡ እንቀመጥ፤ ወደ ነፍስ አባቱም ወደ ሐኪምም እናድርሰው። ጸበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም፤ ሁለቱም የአንድ አምላክ ስጦታ ናቸውና።

ሁለተኛ፥ ጸጥታ የሌላቸው ብዙዎች ቢፈልጉም ጊዜ አያገኙም። ሕፃን የታቀፈችው እናት፥ በሽተኛ የምታስታምመው ልጅ፥ ሌሊትና ቀን የሚጠሩት ካህን፥ ሌላ ሰው ሸክማቸውን ለአንድ ሰዓት ካልተቀበላቸው ከየት ያገኙታል? ስለዚህ ለዚህ በዓል ከምንሰጠው ስጦታ ጋራ፥ እያንዳንዳችን በሳምንት አንዲት ሰዓት ለጎረቤታችን እንስጥ፤ ሕፃኑን እንያዝላት፥ በሽተኛውን እንጠብቅላት፥ ካህኑንም ያለ ችግር አንጥራቸው። ኢዮቤልዩ ያን ጊዜ በቤታችን ይገባል።

ለሚቀጥለው ዘመን በሰላም ያድርሰን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።