ዋጋ በአዋጅ አይወርድም

(በኑሮ ውድነት ላይ በተካሄደ ውይይት ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



ኢኮኖሚክስ ሲባል ብዙዎቻችን የሊቃውንት ነገር ይመስለንና ጆሯችንን እንደፍናለን። ነገሩ ግን የእናቶቻችን ሙያ ነው። በእጅ ያለችው ብር ትንሽ ናት፤ የሚፈለገው ግን ጤፍ፣ ዘይት፣ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ደብተር ነው። የቱ ይቅደም? የቱ ይቆይ? ኢኮኖሚክስ ማለት ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ የቤት እመቤቷ የጓዳዋን ባዶነት ታውቃለች፤ ለአገር የሚወስኑት ግን የማንንም ጓዳ አያውቁም።

ታዲያ ማን ይንገራቸው? ገበያው ነዋ! ጤፍ ሲወደድ ዋጋው ለገበሬው «ጨምረህ ዝራ»፣ ለነጋዴው «ካለበት አምጣ»፣ ለሸማቹ «ቆጥበህ ብላ» ይላል። ይህን መልእክተኛ ያሰረ መንግሥት ወሬው አይደርሰውም፤ ችግሩ ግን ይደርስበታል።

ይህን በደርግ ዘመን አይተነዋል። ገበሬው ኮታ ተጥሎበት፣ ዋጋ ተቆርጦለት እህሉን ለመንግሥት ኮርፖሬሽን አስረከበ። ኮታው ያልሞላለት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ የሸጠበት ጊዜ ነበር። እህል በየኬላው እንደ ኮንትሮባንድ ተፈተሸ። በመጨረሻ በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ራሱ «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ብሎ ኮታውን አነሳ። የዚያን ሁሉ ዓመት የትምህርት ክፍያ የከፈለው ግን ካድሬው ሳይሆን ገበሬው ነው።

ከዚያ ወዲህስ? ነፃ ገበያ ተባለ። በ1985 ዓ.ም. የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ2.07 ወደ 5 ብር ወጣ፤ ቀጥሎ የግል ባንክ ተፈቀደ። ይህን አንክድም። ነገር ግን በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላው እጅ ሲወሰድ ኖሯል።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በ2003 ዓ.ም. የግል ባንኮች ካበደሩት እያንዳንዱ 100 ብር ላይ የ27 ብር የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ታዘዙ። የሚከፈላቸው ወለድ 3 በመቶ፣ እነሱ ለቆጣቢው የሚከፍሉት ደግሞ ቢያንስ 5 በመቶ! በዚያው ዓመት የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። መመሪያው የተነሳው በ2012 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ለሱቁ ብድር ፈልጎ በር ያንኳኳው ሰው «ገንዘብ የለም» ተባለ። ገንዘቡማ ነበር፤ ቀድሞት የወሰደው መንግሥት ነው እንጂ።

የዶላሩም ነገር እንዲሁ ነው። ለዓመታት ዋጋው ተይዞ ቆየ፤ ጥቁር ገበያው እጥፍ ገደማ ሲደርስ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 በላይ ሆነ። ምንዛሪው በገበያ መወሰኑን አልቃወምም። የምቃወመው የታፈነው ሁሉ ሲፈነዳ በደመወዝተኛው ራስ ላይ መሆኑን ነው።

መሬትስ? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አይሸጥም፣ አይለወጥም። መንግሥት «ገበሬው በችግር ቀን ሸጦ ከተማ ይፈልሳል» ይላል፤ ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ግን ልጠይቅ፦ መሬቱ በሹም እጅ የሆነ ገበሬ ሹሙን ደፍሮ ይናገራል? ከዳቦው ጋር ድምፁም ታስሯል!

«እንግዲያው መንግሥት እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ?» ትሉኝ ይሆናል። በፍጹም! የ1965/66ቱን የወሎ ረሃብ አስታውሱ። አማርትያ ሴን የተባሉት ምሁር እንዳሳዩት፣ በዚያ ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። ሕዝቡ ያለቀው መግዣ አጥቶ ነው። ገበያ የሚሰማው የኪስን ድምፅ እንጂ የሆድን አይደለም። ሆድ ሲጮህ መስማት ያለበት መንግሥት ነው።

ስለዚህ መንግሥት መንገድ ይሥራ፤ የማያዳላ ፍርድ ቤት ያቁም፤ የብርን አቅም ይጠብቅ፤ የተራበውን ይድረስለት። ነገር ግን ዳኛም ነጋዴም ልሁን አይበል። ዳኛው ራሱ ሻጭ ከሆነ፣ የተበደለው ነጋዴ አቤት የሚለው ለማን ነው?

የምንጠይቀው ችሮታ አይደለም። በገንዘባችን የሚወስን ሁሉ በሠራው እንዲጠየቅ ነው።