የታዘዘ መድኃኒት ለምን ይቋረጣል?



ክረምቱ ሲወጣ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋው ወደ መተማና ወደ ቋራ ቆላ የምትወርዱ ወገኖች፣ እናንተም የእርሻ ባለቤቶች፣ የዛሬው ጉዳያችን በየሠራተኛው ማደሪያ የሚገኝ ነገር ነው፤ በኪስ ወይም በፌስታል ተቋጥሮ የተቀመጠ ትራፊ መድኃኒት።

ወባ የተገኘበት ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ የሦስት ቀን ኮአርተም ይሰጠዋል። የአዋቂ ሰው መጠን 24 ፍሬ ነው፤ በመጀመሪያ 4፣ ከ8 ሰዓት በኋላ 4፣ ከዚያም ሁለት ቀን ጧትና ማታ አራት አራት። ነገር ግን ትኩሳቱ ፍሬው ሳያልቅ ይበርዳል። ሠራተኛው ድኛለሁ ብሎ ማጭዱን ያነሣል፤ የቀረውን ለሚቀጥለው ሕመም ያኖራል፣ ወይም አጠገቡ ለታመመው ባልንጀራው ያካፍላል።

ይህን ስንፍና ነው ብሎ መፍረድ ተገቢ አይደለም። የደረሰ ሰሊጥ ቀኑ ካለፈበት ተሰንጥቆ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ባለእርሻው ይቸኩላል፤ ለሠራተኛውም ተኝቶ የዋለበት ቀን ገንዘብ የሌለው ቀን ነው። ጤና ጣቢያው ሩቅ ሲሆን ደግሞ መድኃኒት ማስተረፍ ብልህነት ይመስለዋል። ማካፈሉም ከደግነት የመጣ ነው፤ ሆኖም አንዱን መድኃኒት ለሁለት የተካፈሉ ሰዎች ሁለቱም አልታከሙም። በደማቸው የቀረው ተውሳክ እንደገና ይበዛል፤ ትንኟም ወደ ሌላው ታደርሰዋለች።

ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ደግሞ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። ለዚህ ፕሪማኩዊን ለ14 ቀን የታዘዘለት ሰው ሕመም ሳይሰማው መድኃኒት መዋጥ ይሰለቸዋል። ካቋረጠ ግን አጨዳው አልቆ ደጋ ቤቱ ከገባ ከወራት በኋላ እንኳ ሊነሣበት ይችላል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ ትራፊው መድኃኒት ሌላም አደጋ አለው። ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ድካም የወባም የኮቪድም ምልክቶች ናቸው። ወባ ነው ብሎ የገመተ ሰው ጤና ጣቢያ በመሄድ ፈንታ ያስቀመጠውን ፍሬ ይውጣል። ሕመሙ ኮቪድ ከሆነ ኮአርተም አያድነውም፤ ወባዬን እያከምሁ ነው ሲል በአንድ ዳስ አብረውት ለሚያድሩት ያስተላልፋል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት ከክሳትና ከጣፊያ እብጠት ጋር ከመጣ ደግሞ ካላ-አዛር ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ቆላ እንግዳ ያልሆነው ይህ በሽታ ሳይታከም ከቆየ ይገድላል።

ባለእርሻዎች ሆይ፣ ለታመመ ሠራተኛ ሦስቱን ቀን ስጡት። ኮአርተም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ለሰውነት ይበልጥ ይደርሳል፤ ጾም ቢሆን እንኳ ዘይት የገባበት ወጥ ይበቃል፤ በሰሊጥ አገር ዘይት አይታጣም።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመራችሁ ሕክምናችሁ ቢያንስ 6 ወር ስለሚፈጅ ከአጨዳው ወቅት ይረዝማል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ደግሞ የዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ ከቤታችሁ ከመነሣታችሁ በፊት ለምትታከሙበት ጤና ጣቢያ የምትሄዱበትን ቦታና የምትቆዩበትን ጊዜ ንገሩ፤ ለመንገዱ የሚበቃ መድኃኒትና የመሸኛ ወረቀት ተቀበሉ። ወረቀቱን ገንዳ ውኃ ወይም መተማ ዮሐንስ እንደደረሳችሁ፣ ወደ እርሻው ሳትገቡ፣ ለጤና ባለሙያ አሳዩ።