ባቡሩ የሚያድርበት ግቢ



የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሲነሳ ሁላችንም የሚታየን ሐዲዱና ፌርማታው ነው። እኔ የማወራችሁ ግን ስለ ማደሪያው፣ ስለ ቃሊቲና አያት ዴፖዎች ነው። የሰሜን ደቡቡ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ የምሥራቅ ምዕራቡ ደግሞ ጥቅምት 29 ሥራ ሲጀምሩ ባቡሮቹ 41 ነበሩ።

ማታ ዴፖ ሲገቡ ፍሬናቸው ይታያል፤ ከ750 ቮልቱ ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ፓንቶግራፍ ይፈተሻል። ጎማውስ? ብረት ነው፣ አየር አይነፋም! ሐዲዱ ላይ እየተፋጨ ቅርጹ ሲበላሽ በቶርኖ ይላጫል። መላጨትም ልክ አለው፤ ከዚያ ወዲያ መቀየር ነው። መለዋወጫው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። በዚሁ ሳቢያ ባለፉት ዓመታት ብዙዎቹ ባቡሮች ቆመዋል። ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው «ባቡር አነሰ» ይላል፤ አላነሰም'ኮ፣ ግቢው ውስጥ ተኝቷል።

መለዋወጫ ያጣ ዴፖ፣ የትም አገር ቢሆን፣ ከቆመው ነቅሎ ለሚሄደው ይገጥማል። ለጊዜው ያዋጣል። የቆመው ግን ጭራሽ የማይነሳ ይሆናል።

እንግዲህ የመካኒካል ክፍል መምህራን እዚሁ ስላላችሁ ልጠይቃችሁ፦ ለዘንድሮ ተመራቂዎች የፍሬን ሸራውን ለምን የመመረቂያ ርዕስ አታደርጉላቸውም? ከጎማው እሱ ይቀላል።