የካህናት መኖሪያ ቤት ማሞቂያና «ብልህ» ቴርሞስታት
(በብሪታንያ ለሚገኙ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)



በዚህ አገር ለካህናት መኖሪያ የምንከራያቸውም ሆኑ የምንገዛቸው ቤቶች አብዛኞቹ የሚሞቁት በጋዝ ቦይለር ነው። የጋዙ ሒሳብ የሚከፈለው ምእመናን ከሚሰጡት አሥራትና መባ ስለሆነ፣ ስለ ማሞቂያ መነጋገር ስለ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ መነጋገር ነው። በየኮሚቴው «ብልህ ቴርሞስታት እንግዛ» የሚል ሐሳብ ይነሣል። ሐሳቡን አንቃወምም። ነገር ግን የዕቃው ሥራ ሳይመረመር ከተገዛ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ውድ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ተራ ቴርሞስታት ለቦይለሩ የሚናገረው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ንደድ» እና «ጥፋ»። ሽሮ የምታንተከትክ እናት ግን ድስቱን ከሚንቀለቀል እሳት ላይ እያወረደች እየመለሰች አታበስልም፤ እሳቱን ትመጥናለች። ዘመናዊ ቦይለርም ነበልባሉን መመጠን ይችላል። የሚጎድለው ቤቱ ምን ያህል ሙቀት እንደሚፈልግ የሚነግረው ነው። ይህን የሚያደርግ ቴርሞስታት ክፍሉ ወደተፈለገው ሙቀት ሲቃረብ ወደ ራዲያተሮች የሚሄደው ውኃ ለብ እንዲል ያዝዛል፤ ነበልባሉም ዝቅ ብሎ ለረጅም ሰዓት ይነዳል።

ጥቅሙ ከወዴት ይመጣል? በእንግሊዝና በዌልስ ከ2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተተከሉት የጋዝ ቦይለሮች በአብዛኛው ኮንደንሲንግ የሚባሉት ናቸው። እነዚህ በጭሱ ውስጥ ያለውን እንፋሎት ወደ ውኃ ለውጠው፣ በጭስ ማውጫው ይባክን የነበረውን ሙቀት ለቤቱ ይመልሳሉ። ይህ በሚገባ የሚሆነው ግን ከራዲያተር የሚመለሰው ውኃ ከ55 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ነው። ብዙ ቦይለሮች ውኃውን እስከ 70 ወይም 80 ዲግሪ እንዲያፈሉ ተደርገው ስለሚተዉ የተሠሩበትን ጥቅም ሳይሰጡ ያረጃሉ።

እንግዲህ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ቴርሞስታቱና ቦይለሩ በአንድ ቋንቋ ይነጋገራሉ ወይ የሚለው ነው። ኦፕንተርም የሚባል የጋራ ቋንቋ አለ፤ አንዳንድ አምራቾች ደግሞ የራሳቸውን ይጠቀማሉ። ካልተግባቡ፣ ዕቃው በስልክ ቢታዘዝም ሥራው ያው ማብሪያና ማጥፊያ ነው። የነበልባሉ ዝቅታም ወሰን አለው። ከ5 ኪሎዋት በታች መውረድ የማይችል ቦይለር፣ 3 ኪሎዋት በሚበቃው ቀን እየጠፋ መብራቱ አይቀርም። ስለዚህ አሮጌው ሲለወጥ «ትልቁ ይሻላል» አይባል።

ያለ ወጪ የሚጀመር ነገርም አለ። የውኃ ማጠራቀሚያ ጋን በሌለበት ቤት፣ ወደ ራዲያተር የሚሄደውን ውኃ ወደ 60 ወይም 55 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ መሞከር ይቻላል፤ ብርዱ ሲጠናና ቤቱ አልሞቅ ሲል ከፍ ይደረጋል። የሙቅ ውኃ ጋን ባለበት ግን ባለሙያ ሳይጠየቅ አይነካ፤ ጋኑ ውስጥ ያለው ውኃ ለጤና አደገኛ የሆነው የሌጂዮኔላ ባክቴሪያ እንዳይራባበት 60 ዲግሪ መድረስ ይኖርበታልና። የቦይለሩን ሽፋን የሚከፍተውም በጋዝ ሴፍ ሬጂስተር የተመዘገበ ባለሙያ ይሁን። ቤቱ የኪራይ ከሆነ አከራዩ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ከሁሉ ይልቅ የምናሳስበው የሰዓቱን ነገር ነው። የእነዚህ ዕቃዎች የተለመደ ሰሌዳ የተሰናዳው ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚገባ ሠራተኛ ነው፤ ቀን ቤቱን ያቀዘቅዛል፣ ሌሊትም ይቀንሳል። አባቶቻችን ግን ለማኅሌት ሌሊት ወጥተው፣ ከቅዳሴ በኋላ በቀትር ነው የሚያርፉት። በተለይ በገናና በጥምቀት ሰሞን፣ ብርዱ በሚያይልበት ጊዜ፣ ሰሌዳው እንዳለ ከተተወ ደክሞ የገባ አረጋዊ ካህን የሚጠብቀው ቀዝቃዛ ቤት ነው። ሰሌዳውን የሚያወጣው የቤቱ ነዋሪ እንጂ ሒሳብ ሹሙ አይሁን።

የስልክ መቆጣጠሪያውም በአንድ የኮሚቴ አባል የግል ስም አይከፈት፤ አባሉ ሲለወጥ የቤቱ ቁልፍ አብሮት ይሄዳልና። በደብሩ ኢሜይል ይከፈት፤ የይለፍ ቃሉም ከሌሎች ሰነዶች ጋር ይረከብ። ወጪ ለመቀነስ ብሎ የካህንን ቤት ሙቀት ከሩቅ ሆኖ በስልክ ዝቅ ማድረግ ግን ለማንም የተገባ አይመስለንም። ኢንተርኔት ሲቋረጥም እንዳይቸገሩ፣ አባቶች በእጃቸው የሚያዞሩት መቆጣጠሪያ በግድግዳው ላይ ይኑር፤ አጠቃቀሙም በአማርኛ ተጽፎ ከአጠገቡ ይለጠፍ።