«ሰው በላ» የሚል ስም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተነገረ)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም መናገር የተለመደ ነው። እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ግን ትምህርት ከልባችን ነቅሎ ሊያወጣው ስለሚገባ አንድ ክፉ ልማድ ለመናገር አስበናል። ይኸውም ሌላውን ወገን «ሰው በላ» ብሎ መጥራት ነው።

ይህ ስም በዓለም ላይ ብዙ ሰው አስጨርሷል። በክርስትና የመጀመሪያ ዘመን ሮማውያን ክርስቲያኖችን «ሰው ይበላሉ» እያሉ ይከሷቸው ነበር። የሥጋ ወደሙን ምሥጢር ያልተረዳ ሁሉ ወሬውን በቀላሉ አመነው። በ177 ዓመተ ምሕረት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዛሬ ፈረንሳይ በምትባለው አገር በሊዮን ከተማ ይህ ክስ የተነሣባቸው ምእመናን ብዙዎቹ በሰማዕትነት ሞቱ።

ከብዙ ዘመን በኋላ የአውሮፓ ክርስቲያኖች ያንኑ ቃል በተራቸው ያዙት። በ1503፣ በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የእስፓንያ ንግሥት ኢሳቤላ የካሪብ ደሴቶች ሰዎች ሰው የሚበሉና አንገዛም የሚሉ ከሆነ ተይዘው እንዲሸጡ ፈቀደች። ከዚያ ወዲያ ባሪያ ፈላጊው የአንዱን ደሴት ሕዝብ «ሰው በላ» ማለት ብቻ በቃው። ክሱ ትርፍ ያመጣ ነበርና ማስረጃ የሚጠይቅ ጥቂት ነበር።

አገራችንም ከዚህ ዓይነቱ ክስ አላመለጠችም። በነሐሴ 1927 ዓ.ም. ኢጣልያ በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር ባቀረበችው ጽሑፍ ኢትዮጵያን አረመኔ፣ ባሪያ ፈንጋይ፣ ከሠለጠኑት ጋር ልትቀመጥ የማይገባት ብላ ከሰሰች። በእርግጥ ባርነት በአገራችን ነበረ፤ አንክደውም። ነገር ግን ከሳሹ የመጣው ባሪያ ነፃ ሊያወጣ አልነበረም። አንድ ወር ሳይቆይ ጦሩን አዘመተ፤ ኋላም የመርዝ ጢስ ከሰማይ አዘነበ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። እርሱ ራሱ ባመነው ቍጥር 129 ዲያቆናት ደግሞ እዚሁ በደብረ ብርሃን አጠገብ ተገደሉ። ታዲያ አረመኔው ማን ነበር?

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እንስማማለን። የሚከብደው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

በአንኮበርና በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ በሌላም ብዙ ስፍራ፣ ሸክላ ሠሪዋንና ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ ነው፤ በዓይኑ ሰው ይበላል፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» የሚሉ አሉ። የምናርስበትን ማረሻ፣ የምንጋግርበትን ምጣድ፣ ቡና የምናፈላበትን ጀበና ከእጃቸው እንገዛለን፤ ከአንድ ገበታ ግን አብረናቸው አንቆርስም። አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ መቶ ዓመት አለፈው፤ ስድቡ ግን አልሞተም።

ይህን የምንለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። እናትዋ ሸክላ የምትሠራ አንዲት ልጅ ከእኛ ጋር ትማር ነበር፤ ስምዋን አንጠራም። ምሳዋን ለብቻዋ ትበላ ነበር። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ ታሞ ቢተኛ «በልታው ነው» የሚል ሹክሹክታ ተነሣ። ማን እንደ ጀመረው አናውቅም፤ ያስቆመው ግን ማንም እንዳልነበረ እናውቃለን። በኋላ ሐኪም በሽታው ታይፎይድ መሆኑን ነገረን፤ ጓደኛችንም መድኃኒቱን ወስዶ ዳነ። እርስዋ ግን ከዚያ ሳምንት ወዲህ ወደ ክፍል አልተመለሰችም፤ እኛም ከቤትዋ ሄደን «ይቅር በይን» አላልናትም።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ አንድ ሕዝብ ወይም አንድ ሰው «ሰው በላ» ሲባል በሰማን ጊዜ ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ ማስረጃው የት አለ? ከሳሹስ ምን ያተርፋል? እኛ ያተረፍነው ራሳችንን ከፍ ያለ መስሎን መታየት ብቻ ነበር፤ የከሰረችው ግን ትምህርትዋን አጣች።

ይህ በዓል ካለፈ በኋላ ወደ ቤትዋ ለመሄድ ተስማምተናል። የምትመለስ ከሆነ በአንድ ገበታ አብረናት እንቆርሳለን።